ደራሲውን የቀበረ ፍቅር

የጥበብን ሥራ ማፍቀር ደግ ነው። ሥራውን አፍቅሮ ሠሪውን መካድ ግን ውለታ ቢስነት ነው። ሸርሎክ ሆልምስ በተባለው ዝነኛ የወንጀል መርማሪ ገጸ ባሕርይ ዙሪያ ከመቶ ዓመት በላይ ሲካሄድ የኖረው ምርምር በዚሁ ጥፋት የሚከሰስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደ ሙያው ሐኪም የነበረው አርተር ኮናን ዶይል እ.ኤ.አ. ከ1887 እስከ 1927 ባሉት ዓመታት ስለ ሆልምስ 4 ረጃጅምና 56 አጫጭር ልብ ወለዶች አሳተመ። በ1911 ሮናልድ ኖክስ የተባለ ወጣት ምሁር በኦክስፎርድ ባነበበው ጽሑፍ ታሪኮቹን እንደ ጥንታዊ ሰነድ እየበለተ መረመራቸው። ዓላማው ሽሙጥ ነበር፤ መጽሐፍ ቅዱስን እየቆራረጡ «ይህ የእገሌ ነው፣ ያ አይደለም» በሚሉ የዘመኑ ሊቃውንት ላይ መሳቁ ነበር። ሳቁ ተረሳና ሥርዐቱ ቀረ። በ1934 በኒው ዮርክ፣ በ1951 በለንደን ማኅበራት ተቋቋሙ፤ 60ዎቹ ታሪኮችም «ቀኖና» ተባሉ። በጨዋታው ሕግ መሠረት ሆልምስና ጓደኛው ዶክተር ዋትሰን በእውን የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ጸሐፊው ዋትሰን ነው፤ ኮናን ዶይል ግን የጽሑፉ ወኪል እንጂ ደራሲ አይደለም!

ትጋታቸውን አልነቅፍም። እያንዳንዱን መስመር እንዲህ የሚያነብ አንባቢ ለማግኘት የማይመኝ ደራሲ የለም። ነገር ግን ትጋቱ ወዴት ያመራል? በመጀመሪያው መጽሐፍ ዋትሰን በአፍጋኒስታን ጦርነት የቆሰለው ትከሻውን ነው፤ በ1890 በታተመው በሁለተኛው ቁስሉ እግሩ ላይ ነው። ተመራማሪዎቹ ጥይቱ ሁለት ነበር ወይስ አንዱ ጥይት ሁለቱን አገኘ እያሉ ይሟገታሉ። ስሙ ጆን የሆነውን ዋትሰንን ሚስቱ በአንድ ታሪክ «ጄምስ» ብላ ብትጠራው፣ ደራሲዋ ዶሮቲ ሴየርስ የመካከለኛ ስሙ ጄምስን የሚተካ የስኮትላንድ ስም መሆን አለበት ስትል አስረዳች።

ብልሃቱ ያስደንቃል፤ እውነቱ ግን ቀላል ነው፤ ደራሲው ረስቶ ነው። ለምን ረሳ? ምርመራ የሚገባው ይህ ነበር። ዶይል የመጀመሪያውን መጽሐፍ ሙሉ መብት የሸጠው በ25 ፓውንድ ነው። ከ1891 ጀምሮ ለወርኃዊው ስትራንድ መጽሔት ቀነ ገደብ እየቆጠረ ጻፈ። ልቡ ግን ከታሪካዊ ልብ ወለድ ጋር ስለነበረ በ1893 ሆልምስን በስዊዘርላንድ ፏፏቴ ገደለው። በ1903 መርማሪውን ከሞት ያስነሣው የአንባብያን ናፍቆትና የአሳታሚዎች ከፍተኛ ክፍያ ነው። ትከሻ ላይ የነበረው ቁስል እግር ላይ የተገኘው እንግዲህ በሰው እጅ ስለተጻፈ ነው። ስሕተቱ የሠሪው አሻራ ነው፤ አሻራን የሚያብስ ደግሞ መርማሪ አይባልም።

«ጨዋታ ነው እንጂ ማን ያምነዋል?» የሚሉ አሉ። ከእነዚሁ ማኅበራት መካከል የዶይልን ሕይወትና የእጅ ጽሑፎች በትጋት የሚያጠኑ መኖራቸውንም አልክድም፤ የሚመሰገኑት እነርሱ ናቸው። ሆኖም ጨዋታም ያስተምራል። ይህ ጨዋታ የሚያስተምረው ታላቅ ገጸ ባሕርይ ያለ ደራሲ እንደሚወለድ ነው። ይህ ጸሐፊ ለመድረክ የሚጽፍ በመሆኑ ነገሩን ያውቀዋል፤ መጋረጃው ሲዘጋ የገጸ ባሕርዩ ስም በሁሉም አፍ ይገባል፤ ሌሊቱን ሙሉ እየሰረዘ የጻፈውን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ስለዚህ ሥነ ጽሑፍ የምታስተምሩ መምህራን ሆይ፣ ከሆልምስ ወዳጆች ትጋታቸውን ውሰዱ፤ ክሕደታቸውን ተዉ። ተማሪው በመጽሐፍ ውስጥ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር ሲያገኝ ለገጸ ባሕርዩ ማስተባበያ እንዲፈልግ አታድርጉት። ይልቁንም ማን ጻፈው፣ ለማን ጻፈው፣ በምን ያህል ጊዜና በምን ዋጋ ጻፈው ብሎ እንዲጠይቅ አስተምሩት። ሆልምስ ራሱ ከባርኔጣ ባለቤቱን የሚያውቅ መርማሪ ነበር። ወዳጆቹ ግን ባርኔጣውን ታቅፈው ባለቤቱን አላየንም ይላሉ።