ሰውነት ራሱ የሚሠራው ማስታገሻ



የዚህ እትም ዋና ጽሑፍ ስለ ሕመም ነው፤ ይልቁንም ሰውነታችን ሕመምን ለማብረድ ራሱ ስለሚሠራቸው ፔፕታይዶች። እ.ኤ.አ. በ1975 ጆን ሂውዝና ሃንስ ኮስተርሊትዝ በስኮትላንድ፣ አበርዲን ከተማ፣ ከአሳማ አንጎል ሁለቱን ለይተው አወጡ። እያንዳንዳቸው ከ5 አሚኖ አሲዶች ብቻ የተሠሩ ናቸው፤ ኢንከፋሊን ተባሉ። የሚያርፉትም ሞርፊን በሚያርፍባቸው የነርቭ ተቀባዮች ላይ ነው።

የሕመም መልእክት በኅብለ ሰረሰር ውስጥ ከአንዱ ነርቭ ወደ ሌላው ሲሻገር፣ ኢንከፋሊን ላኪው ነርቭ የሚለቀውን ኬሚካል ይቀንሳል፤ ተቀባዩም ነርቭ በቀላሉ እንዳይነሣሣ ያደርጋል። ቁስሉ እንዳለ ነው፤ ወደ አንጎል የሚደርሰው ጩኸት ግን ይቀንሳል። ኢንዛይሞች ቶሎ ስለሚሰባብሩት ዕድሜው አጭር ነው።

ከሁሉ በላይ ልቤን የያዘው እ.ኤ.አ. በ1978 አሜሪካ ውስጥ የተሠራ ጥናት ነው። ጥርስ ከተነቀሉ ሰዎች አንዳንዶቹ ምንም መድኃኒት የሌለበት መርፌ ተወግተው ሕመሙ ቀለል አላቸው። ሞርፊንና ኢንከፋሊን የሚያርፉባቸውን ተቀባዮች የሚዘጋው ናሎክሶን የተባለ መድኃኒት ሲሰጣቸው ግን ሕመሙ በረታባቸው። እፎይታው ከገዛ ሰውነታቸው የመነጨ ነበር ማለት ነው። “በባዶ መርፌ ከተሻለው መጀመሪያም አላመመውም” የሚል የጤና ባለሙያ ካለ፣ ይህን ጽሑፍ እንዲያነብልን አጥብቄ እለምናለሁ። እንዲህ ያለ ንግግር ታማሚን ያቆስላል፤ ስሕተትም ነው።

ሯጮች ከረጅም ሩጫ በኋላ ስለሚሰማቸው ደስታ የቀረበውን ጽሑፍም ተመልከቱት። ሁሉንም ኢንዶርፊን ለተባለው ሌላ የሰውነት ማስታገሻ አልሰጠነውም፤ በደም ውስጥ ያለው ኢንዶርፊን ወደ አንጎል እንደልቡ አይገባምና።



አዘጋጁ