ስለ መድኃኒት ሐረግ ንግድ አንዳንድ አሳብ

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ከውጭ አገር የተጻፈ አንድ ደብዳቤ ለአሠሪዬ ደረሳቸው። ይኸውም የደን ተክሎችን ሥርና ልጥ አድርቀን በብዛት እንድንልክ የሚጠይቅ ነበር። ዋጋው መልካም ነው፤ ክፍያውም በውጭ ገንዘብ ነው። መልሱን የማሰናዳው እኔ ነኝና፣ ብዕር ከማንሣቴ በፊት እንዲህ ያለው ንግድ በሌላው ዓለም ምን እንዳስከተለ ለማወቅ ወደድሁ።

በስሪላንካ ወኒወል፣ በሳይንስ ስሙ ኮሲኒየም ፌኔስትራተም የሚባል የደን ሐረግ አለ። ከሕንድ ምዕራባዊ ተራሮች አንሥቶ እስከ ቬትናምና ኢንዶኔዥያ ድረስ፣ በትልልቅ ዛፎች ላይ እየተጠመጠመ ይበቅላል። ግንዱ ሲቆረጥ ውስጡ እንደ እርድ ቢጫ ነው፤ ጣዕሙም እጅግ መራራ ስለ ሆነ ቬትናሞች «መራራው ቢጫ» ብለው ሰይመውታል። ቢጫነቱ ቤርቤሪን ከሚባለው ንጥረ ነገር የመጣ ነው። ስሪላንካውያን ከድንብላል ጋር አፍልተው ለጉንፋንና ለትኩሳት ይጠጡታል። በሕንድ ደግሞ ከሂማላያ በሚመጣው ሌላ ቢጫ እንጨት ፈንታ ይሸጣል። በ19ኛው መቶ ዓመትም ወደ አውሮፓ ሲላክ፣ ካሉምባ የሚባለውን የምሥራቅ አፍሪካ ሥር ተመስሎ ገበያ ይገባ ነበር፤ በሸቀጥ ማስመሰል የዛሬ ሰዎች ያመጡት ነገር አይደለም።

ችግሩ ያለው በአቆራረጡ ላይ ነው። መድኃኒቱ ራሱ ግንዱ ነውና፣ መድኃኒቱን መውሰድ ማለት ሐረጉን መጣል ማለት ነው። ይህ ተክል ለማበብ 15 ዓመት ያህል ይፈልጋል። ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ የቆሙ ስለ ሆኑም፣ አንደኛው ከተቆረጠ የቀረው ብቻውን ፍሬ አያፈራም፤ ዘሩም ቶሎ አይበቅልም። ሰብሳቢው ግን የሚከፈለው በኪሎ ነው። ዛሬ እርሱ ቢተወው ነገ ሌላው እንደሚቆርጠው ስለሚያውቅ ከሥሩ ይቆርጠዋል፤ በእርሱ ላይ ለመፍረድ ይከብደኛል። እኛ መደብር ሲደርስ ደረቅ ቁራጭ ነው፤ በደረሰኝም ላይ የሐረግ ዕድሜ አይጻፍም።

ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዓመታት ከደን የተቆረጠው ወኒወል ወደ ውጭ እንዳይላክ ከለከለች። ዳሩ ግን ክልከላው ሲመጣ ሐረጉ ከብዙ ደኖች ተመናምኖ ነበር፤ ነጋዴውም ሸቀጡንና ገበያውን በአንድነት አጣ።

በአገራችን እንቆቆም ሐረግ ነው። ለኮሶ ትል የሚፈለገው ግን ፍሬው ስለ ሆነ፣ ለቅመን ብንሸጠው ሐረጉ በቦታው ይቀራል። ሥርና ልጥ ግን እንደዚህ አይደሉም። ስለዚህ ለደንበኛው፣ ፍሬና ቅጠል እንሸጣለን፤ ሥርና ልጥ ግን በማሳ ከተተከለው በቀር አናቀርብም፤ ለዚህም ጥቂት ዓመታት ይታገሡን ብለን እንድንመልስ ለአሠሪዬ አሳብ አቀረብሁ።

እርሳቸውም «እኛ ብንተወው ጎረቤታችን ይልከዋል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አንድ ቤት ብቻውን ቢከለክል የሚጎዳው ያው ቤት ነው። በእኔ አሳብ ምክር ቤቱ ላኪዎችን ሰብስቦ፣ ከደን የተነቀለ ሥር በማንም ስም እንዳይላክ በአንድ ውል ቢያስማማቸው ይሻላል።

ደብዳቤው እስከ አሁን መልስ ሳያገኝ በጠረጴዛዬ ላይ አለ። ከአንባቢዎች መካከል ተመሳሳይ ጥያቄ የደረሳችሁ ብትኖሩ፣ ምን ብላችሁ እንደ መለሳችሁ በዚሁ ጋዜጣ ብትገልጹልን ደስ ይለኛል።