በሽተኛን ስለ ገንዘቡ መጠየቅ ነውር ነውን?

ወንጌላዊው ማርቆስ ዐሥራ ሁለት ዓመት ደም ይፈስሳት የነበረችውን ሴት ታሪክ ሲጽፍ ሕመሟን ብቻ አይነግረንም፤ ያላትን ሁሉ ለባለመድኃኒቶች ከፍላ መጨረሷንም ጽፎልናል። እኛ ግን ካንሰር ያገኘውን ሰው ልንጠይቅ ስንሄድ «እንዴት አደርክ?» እንላለን እንጂ «ቤትህስ እንዴት አደረ?» አንልም።

ከወላይታ ሶዶ ለጨረር ሕክምና ወደ አዲስ አበባ፥ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፥ የተላከ ሰው ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ጨረሩ ብዙ ጊዜ ሳምንታትን ይፈጃል፤ ኬሞቴራፒ የተባለውም መድኃኒት ብዙውን ጊዜ በየሦስት ሳምንቱ የሚሰጥ ነው። በ2003 ዓ.ም. በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ለብዙ ቤተ ሰብ እፎይታ ሆኗል፤ ነገር ግን የመኪናውን፥ የማደሪያውንና የምግቡን ዋጋ አይከፍልም።

መምህራን ስለ ሆንን ይህን ነገር የምናየው በስም መጥሪያው መዝገብ ላይ ነው። አስቀድሞ ለመስቀል የሚቀለበው በሬ ይሸጣል፤ ቀጥሎ የምትታለበው ላም ትሄዳለች፤ ከዚያ በኋላ ታላቂቱ ልጅ ከትምህርት ቤት ትቀራለች። በመጨረሻም እናቲቱ «ተሽሎኛል» ብላ ቀጠሮዋን ትተዋለች። አልተሻላትም፤ ለልጆቿ የቀረው እንዳያልቅ ብላ ነው።

በአሜሪካ የሺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. ስለዚሁ ጉዳይ 11 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አውጥተዋል። እያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 4 ይቈጠራል፤ ድምሩ ከ44 እያነሰ በሄደ መጠን የሕሙሙ የገንዘብ ችግር የበረታ ነው። ሥራው ጥቂት ደቂቃ እንጂ ሌላ መሣሪያ አይጠይቅም። ለወላይታ ገበሬ ግን ስለ ወር ገቢው ከመጠየቅ ይልቅ «ላሚቱ አለችን? እንሰቱስ? የማን ዕዳ አለብህ?» ቢባል ይበልጥ ይገባዋል። ደግሞም አንድ ጊዜ ጠይቆ መተው አይበቃም፤ በመጀመሪያው ቀጠሮ ላሚቱ ገና በበረት ናትና። ሴቲቱም በባሏ ፊት ስትጠየቅ ችግሯን ትሸሽግ ይሆናል።

መልሱን የሰማው ሰው ምን ያድርግ? ስለ ነፃ ሕክምና ማስረጃ ይነግራታል፤ ማደሪያ ወደሚሰጡ በጎ አድራጊዎችም ይመራታል። በሰፈራችንስ እድር አለ አይደለምን? ለቀብር የሚወጣው ገንዘብ ከፊሉ ሰውየው በሕይወት ሳለ ለመሳፈሪያው ቢሰጠው ምን ይጎዳል ስንል የእድራችንን ዳኛ ጠየቅናቸው። አባታችን ጥቂት ዝም ብለው «ደንቡ ከሞት በኋላ ይላል» አሉን፤ ነገሩን ግን ለሚመጣው ወር ስብሰባ ቀጥረውታል።