መኪናው ሲያላዝን ሬዲዮ ማስጮህ

ባለፈው ክረምት ከአንድ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ባለሙያዎች ጋር በከብት ክትባት ሥራ ውለን ስንመለስ ገፈርሳ ላይ ከጭቃው ወጥተን አስፋልቱን ያዝን። ግድቡን አለፍ እንዳልን ከመኪናው ሆድ ቀጭን ድምፅ መጣ። እንደታሰረ ውሻ ያላዝናል። ሾፌሩ እጁን ሰደድ አድርጎ ሬዲዮውን ከፍ አደረገው። ምነው ብንለው ድምፁን ካወቀው ሦስት ሳምንት እንደሆነው፣ ለዘይት መግዣ ጠይቆ ፊርማ እየጠበቀ መሆኑን ነገረን።

መኪናዋ ብዙ ሳትቆይ ቆመች። የኋላ ዲፈረንሻሏ ሲከፈት ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቷል፤ ጥርሶቹም ተበልተዋል። ጥቂት ሊትር ዘይት ያድነው የነበረው ዕቃ ሙሉ በሙሉ መቀየር ነበረበት። ወረዳው ሌላ የመስክ መኪና ስላልነበረው የክትባቱ ማቀዝቀዣ ሳጥንና የማዳቀል ባለሙያው ቢሮ ዋሉ። የሰበታና የሱሉልታ ወተት አምራች ላሙ ፍላጎት ባሳየችበት ቀን ባለሙያው ካልደረሰለት ሌላ ሦስት ሳምንት እንደሚጠብቅ ያውቃል።

ዘይቱን ያነጣው ውኃ ነው። መኪናው ሲሮጥ የሞቀው ዲፈረንሻል ድንገት ወንዝ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል። መተንፈሻ ቱቦው በጭቃ ከተደፈነ ደግሞ ውኃውን በዘይት መያዣ ጎማው በኩል ወደ ውስጥ ይስባል። ስለዚህ በክረምት ጥልቅ ወንዝ ያቋረጠ መኪና የዲፈረንሻል ዘይቱ በቶሎ ሊታይ ይገባዋል እንጂ የተለመደው የሰርቪስ ኪሎ ሜትር እስኪሞላ መጠበቅ የለበትም።

ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ለመለየት ሾፌሩ ራሱ ብዙ ርቀት መሄድ ይችላል። መኪናው ቆሞ፣ ማርሹ ነፃ ሆኖ ነዳጅ ሲሰጠው ድምፁ አብሮ ከፍ ካለ ነገሩ ከሞተር በኩል ነው፤ ቺንጋ፣ ዲናሞ ወይም የመሪ ፓምፕ ሊሆን ይችላል። ቆሞ ዝም ብሎ ሲሄድ የሚያላዝን ከሆነ ግን ከካምቢዮ እስከ ጎማ ያለውን መጠርጠር ነው። ነዳጅ ሲሰጡት ጮኾ እግር ሲያነሱ የሚለወጥ ድምፅ ብዙ ጊዜ የዲፈረንሻል ነው። መሪውን በትንሹ ወደ ግራ ሲሉ የሚብስ ከሆነ የቀኙን ጎማ ኩሽኔት መፈተሽ ይገባል፤ ክብደቱ ወደዚያ ይሄዳልና። ከአስፋልት ወደ ጠጠር ሲገቡ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ የጭቃ ጎማው የራሱ ድምፅ ነው፤ በዚህ ጋራዥ መግባት የከንቱ ወጪ ነው።

ሃርድቶፕ ላንድክሩዘርና ሃይሉክስን በመሳሰሉት ላይ ሌላም ነገር አለ። የፊት ጎማዎቹ በእጅ የሚቆለፉ ከሆነ መኪናው በሁለት ጎማ ኃይል ሲሄድ ቁልፉን ፈትቶ መሞከር ነው፤ የፊት ዲፈረንሻል መሽከርከሩን ስለሚያቆም ድምፁ አብሮ ከጠፋ ጥፋቱ ከፊት ነው። በአራት ጎማ ኃይል ከጭቃ ወጥቶ በዚያው ደረቅ አስፋልት መንዳትም ትልቅ ጥፋት ነው። በመታጠፊያ ላይ የፊት ጎማዎች ከኋለኞቹ ረዘም ያለ መንገድ ይሄዳሉ፤ ማርሹ ግን እኩል እንዲዞሩ ያስገድዳቸዋል። ገፈርሳ አስፋልቱ ላይ ሲደርሱ ማርሹን መመለስ የሚረሱ ሾፌሮችን አይቻለሁ።

ፋይናንሶች በዘይትና በነዳጅ ግዥ ላይ መጥበቃቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በመስክ መኪና ስም ስንት ነገር እንደሚወራረድ ሁላችንም እናውቃለን። ሆኖም የአንድ ዲፈረንሻል ዘይትና የአዲስ ሞተር ግዥ በአንድ ዓይነት የፊርማ ሰልፍ መቆም የለባቸውም። የጽሕፈት ቤት ኃላፊው ለዚህ ያህሉ ከጥቃቅን ወጪ በዕለቱ ይፍቀድ፤ ሾፌሩም ድምፁን የሰማበትን ቀን፣ ኪሎ ሜትርና ሁኔታ በመኪናው መዝገብ ላይ ይጻፍ። ያኔ ጥያቄው ሦስት ሳምንት ሲያድር ማን ጋ እንዳደረ ይታወቃል። ትራክተር በጋራ የገዛችሁ አርሶ አደሮችም ኦፕሬተሩ "ድምፁ ተለውጧል" ሲላችሁ እርሻው እስኪያልቅ ታገሥ አትበሉት።

መካኒኩም ዕቃ ከመፍታቱ በፊት ከሾፌሩ ጋር አንድ ዙር ይንዳ። ከገፈርሳ ወደ ሆለታ የሚወስደው መንገድ ለዚህ ይበቃል። ሬዲዮው ይዘጋ፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ያድምጥ።