«እምቅ ሀብት» ማለት ይብቃን

ስለ ሐይቅና አምባሰል የተሠራ ዘገባ ስታነቡ ቀድሞ የሚገጥማችሁ ቃል «እምቅ» ነው። ቀጥሎ «ትኩረት የተነፈገው» ይመጣል፤ ከዚያ «ባለሀብቶች ቢያለሙት» ተብሎ ዘገባው ያልቃል። አንባቢው ግን የት እንደሚያድር፣ ስንት ብር እንደሚበቃው፣ ተራራውን በየት በኩል እንደሚወጣ አንዲት መስመር አያገኝም። ሁሉም በመንግሥት ሲያላክክ እሰማለሁ። እኔ ግን ነገሩ መጀመሪያ የእኛ የጋዜጠኞቹ ነው ባይ ነኝ።

ሐይቅ ከተማ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ በወልድያ መንገድ። ያው መንገድ ይቀጥልና ውጫሌ ይደርሳል፤ የአምባሰል ተራሮች እዚያው ናቸው። ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ በዚህ ተራራ ስም መጠራቱን ሁላችንም እናውቃለን፤ ቅኝቱን የሚያንጎራጉር እንጂ ተራራውን የረገጠ ግን በክፍላችን ጥቂት ነው።

ውጫሌ አጠገብ ይስማ ንጉሥ የሚባለው ቦታ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል የተፈረመበት ነው። አንቀጽ 17 በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ሲነጋገሩ በጣሊያን በኩል «ይችላሉ» የሚል መንፈስ ነበረው፤ በጣሊያንኛው ግን ግዴታ ሆነ። መዘዙ አድዋ ደረሰ። እስቲ ንገሩኝ፣ ለጋዜጠኝነት ተማሪ ከዚህ የተሻለ መማሪያ ክፍል የት አለ? እኛ ግን የትርጉምን ጉዳይ ከፎቶ ኮፒ ነው የምንማረው።

ግሸን ማርያምም በዚሁ በአምባሰል ናት። ካሜራ የሚወጣው መስከረም 21 ለንግሥ ነው፤ በማግስቱ ይወርዳል። መስቀለኛው አምባ በመካከለኛው ዘመን የነገሥታት ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ ይጠበቁበት የነበረ ቦታ ነው። ወሬው አውሮፓ ደርሶ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 እ.ኤ.አ. «ራስላስ»ን ጻፈበት። ሰውዬው ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም፤ በወጣትነቱ የተረጎመው የአንድ ፖርቹጋላዊ ቄስ የጉዞ መጽሐፍ ነበረው፣ በቃ። ይኸው እስከ ዛሬ ይነበባል። በሚኒባስ የምንደርስበት እኛስ ምን ጻፍን?

የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ልንገራችሁ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ስመ ጥር ቦታ ነው። ከጓደኞቼ ጋር ስሄድ ወንዶቹ ገቡ፤ እኔ ውጪ ቀረሁ፤ ሴት አይገባም። በሥርዓቱ ላይ ቅሬታ የለኝም፣ የገዳሙ ሕግ ነው። ቅሬታዬ ከመሄዴ በፊት ካነበብኳቸው ጽሑፎች አንዱም ይህንን አለመንገሩ ነው። «ውብ» የሚለውን ቃል ግን አምስት ስድስት ቦታ አግኝቼዋለሁ። የጻፉት ሁሉ ወንዶች ሳይሆኑ አይቀሩም!

ሁለት ሰዓት ያህል ውሃው ዳር ተቀምጬ ካንድ ዓሣ አስጋሪ ልጅ ጋር ተጨዋወትን። ወንድሙ ሳዑዲ ነው፤ እሱም ልቡ እዚያው ነው። «እዚህ ምን አለ ብለሽ ነው?» አለኝ። ይህ ልጅ የሐይቁን ዳርቻ እያንዳንዷን ቋጥኝ ያውቃል፤ ግን መንገድ አሳየኝ ብሎ የሚከፍለው ሰው አይመጣም። የሚመጣውም በመኪና መጥቶ፣ ዓሣ በልቶ፣ ፎቶ ተነስቶ ላስቲኩን ጥሎ ይሄዳል። ይህ ሐይቅ ደግሞ ጣጣ አለበት፦ የአርዲቦ ሐይቅ ትርፍ ውሃ ይገባበታል እንጂ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። ከማሳው የሚታጠበው አፈርም፣ የእኛ ቆሻሻም መሄጃ የለውም፤ እዚያው ነው የሚቀረው። ስለዚህ «ጎብኚ ይብዛ» ብቻ ብሎ መጻፍ ለሐይቁ ውለታ አይደለም። በእግሩ የሚሄድ፣ የአካባቢውን ልጅ የሚቀጥር፣ የሚያድር ጎብኚ ነው የሚያስፈልገው።

«በዚህ ጊዜ ስለ ጉብኝት ማውራት ቅንጦት ነው» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። ግማሹን እቀበላለሁ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሐይቅንም ውጫሌንም አዳርሷል፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህም በክልላችን መንገድ በአመኔታ የማይኬድበት ጊዜ ብዙ ነበር። የአገሬው ሰው አትሂዱ ባለበት ቀን ማንም እንዲወጣ አልፈልግም። ነገር ግን ሰላም ሲሆን የሚነበበው ነገር ሰላም በሆነ ማግስት ተጽፎ አይደርስም። ሰዉ እዚያው ይኖራል፤ ሐይቅ የሚኖሩ የክፍል ጓደኞቻችንም አሉ፤ ከነሱ ስልክ መጀመር ይቻላል።

ለትምህርት ክፍላችን የማቀርበው ይህን ነው፦ የፊቸር አጻጻፍ ኮርሳችን የመጨረሻ ሥራ የመንገድ መምሪያ ይሁን። እያንዳንዱ ቡድን አንድ መንገድ ይያዝ። ከየት ይጀመራል፣ ስንት ሰዓት ይፈጃል፣ ውሃ የት ይገኛል፣ ሽንት ቤት አለ ወይ፣ ሴት የት ድረስ ትሄዳለች፣ ለመሪው ስንት ይከፈላል፣ ይህን ይጻፍ። ከመታተሙ በፊት ለሐይቅና ለውጫሌ ልጆች ይነበብላቸው፤ የተሳሳተውን እነሱ ያርሙት። «እምቅ» የሚል ቃል የተገኘበት ቡድን ግን ማርክ ይቀነስበት።