የማይግለው ኮምፒውተር

ባለፈው ሰሞን ጎረቤቴ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ወረቀት ይዘው በሬን አንኳኩ። «መምህር፣ እስቲ ይህቺን አንብብልኝ» አሉኝ። ከአንድ የኮምፒውተር ሱቅ የተሰጠቻቸው የዋጋ ወረቀት ናት። ለልጅ ልጃቸው ኮምፒውተር ሊገዙ ነው። ዋጋው ከ4000 ሸቀል በላይ፣ በ12 ታሽሉሚም የሚከፈል! ሰውዬው እዚሁ ፔታህ ቲክቫ ፋብሪካ ሲያጸዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው።

«ሻጩ፣ ይኼ ኃይለኛ ነው አለኝ» አሉ።

«ጋሼ፣ ልጁ ምን ይሠራበታል?»

«ትምህርቱን ነዋ! እኔም በአማርኛ ዜና እንዳይበት፣ አገር ቤት ካሉት ዘመዶች ጋር እንዳወራበት።»

ለዚህ ሥራ ያን ማሽን መግዛት ለአንዲት ጀበና ቡና አንድ ጭነት እንጨት ማንደድ ነው። እንዲህ ስል በሰው ገንዘብ ለመፍረድ አይደለም፤ እኔም ተቀጥቼበታለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለታላቋ ልጄ ሳጥኑ መስታወት የሆነ፣ ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚያበራ ትልቅ ኮምፒውተር ገዛሁላት። ማዝጋን ያለን ሳሎን ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን ልጆቹ ክፍል ነበር። በጋው ሲገባ ማራገቢያው እንደ አንጥረኛ ወናፍ ይነፋ ጀመር። አንድ ሌሊት ለባግሩት የምታስረክበውን ጽሑፍ ስትሠራ ድንገት ድርግም አለ። ያላስቀመጠችው ሦስት ገጽ በዚያው ሄደ። በኋላ ባለሙያ ሲከፍተው ውስጡ አቧራ ተጠቅጥቆበታል፤ ግሎ ራሱን አጥፍቶ ኖሯል። ልጄ አለቀሰች። መርጬ የገዛሁት እኔ ነኝና ምን ልበል፣ ዝም አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮሰሰር የሚባለው የኮምፒውተሩ አንጎል የሚበላው ኤሌክትሪክ መጨረሻው ሙቀት ነው። ስለዚህ ፋብሪካው ለእያንዳንዱ ፕሮሰሰር የዋት ቁጥር ይሰጠዋል፦ 6፣ 35፣ 65፣ 125 እያለ ይሄዳል። ይህ ቁጥር ማቀዝቀዣው ሊያስወጣለት የሚገባውን ሙቀት የሚነግር ነው። የመብራት ቆጣሪ አይደለም፤ ሥራ ሲበዛበትም ለጊዜው ሊያልፈው ይችላል። ለማወዳደር ግን ይበቃል። ሻጩ ስለ ጊጋኸርትዝ ሲያወራላችሁ እናንተ «ስንት ዋት ነው?» በሉት።

በእኛ ከተማ ደግሞ የነሐሴን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ማራገቢያ የሚነፋው የክፍሉን አየር ነው፤ ክፍሉ 33 ዲግሪ ከሆነ ፕሮሰሰሩም ሙቀቱን የሚጀምረው ከ33 ነው። ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ሥራውን ያዘገማል፤ አልሆን ሲለው ይጠፋል። እንግዲህ ለፍጥነት ብላችሁ የከፈላችሁት ገንዘብ፣ ፍጥነቱ በሚያስፈልጋችሁ ሰዓት የለም ማለት ነው። የመብራቱንም ነገር አስቡት። አንዱ ማሽን ከሌላው 100 ዋት ቢበልጥ፣ በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ፣ በወር 24 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በኛ ታሪፍ በዓመት ከ150 ሸቀል በላይ ይመጣል፤ ያ ሙቀት ክፍሉ ውስጥ ስለሚቀር ማዝጋኑ የሚበላው ሳይቆጠር። አባቴ ቄስ ነበሩ፤ ንባብ ሲያስተምሩን ጮክ ብሎ ያነበበ ሁሉ አወቀ ማለት አይደለም ይሉን ነበር። ያ የልጄ ኮምፒውተር ሲጮህ ሁልጊዜ የሚታወሰኝ ይህ ነው።

ይህን ትምህርት ለዓለም ያስተማሩት እዚሁ አገራችን ያሉ መሐንዲሶች መሆናቸውን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ኢንቴል የተባለው ኩባንያ ከአሜሪካ ውጭ የመጀመሪያውን የንድፍ ማዕከል የከፈተው በ1974 በሃይፋ ነው። በ2000 አካባቢ የዚያ ኩባንያ ሩጫ በሙሉ ጊጋኸርትዝ መጨመር ላይ ነበር፤ ፔንቲየም 4 የሚባለው ፕሮሰሰር በፈጠነ ቁጥር ይበልጥ ይግል ነበር። የሃይፋዎቹ በዚያው ዓመት ቲምና የሚባል ሥራቸው በአለቆች ውሳኔ ተሰረዘባቸው። ሥራህን ጨርሰህ ልታስረክብ ስትል «ተወው» መባልን አስቡት! እነሱ ግን ቁጭ ብለው አላለቀሱም። ለሚያዝ ኮምፒውተር የሚሆን፣ በትንሽ ኤሌክትሪክ ብዙ የሚሠራ ሌላ ፕሮሰሰር ያዙ። ስሙን ባንያስ አሉት። በሰሜን ጉብኝት የሄዳችሁ ታውቁታላችሁ፤ በሄርሞን ተራራ ሥር ያለው የዮርዳኖስ ምንጭ ነው፣ ውሃው እግር ይቆነጥጣል።

እንደ ሙሊ ኤደንና ዳዲ ፐርልሙተር ያሉት የሃይፋ አለቆች ትልቁ ፈተና ግን የካሊፎርኒያ አለቆችን ማሳመን ነበር። ገበያው የለመደው ከፍ ያለ ቁጥር ነው፤ እነሱ ያመጡት ደግሞ ዝቅ ያለ። ባንያስ በመጋቢት 2003 ፔንቲየም ኤም ተብሎ ሲወጣ ፈጣኑ 1.6 ጊጋኸርትዝ፣ ሙቀቱም 25 ዋት ያህል ነበር። በዓመቱ የወጣው አዲሱ ፔንቲየም 4 ከ3 ጊጋኸርትዝ በላይ ቢሮጥም አንዳንዱ ከ100 ዋት በላይ ይግል ነበር። በቁጥር ግማሽ የሆነው ባንያስ ግን በሥራ ብዙም አልራቀውም። በ2004 ኩባንያው የፔንቲየም 4ን ተከታይ ሰረዘ፤ በ2006 የወጣው ኮር 2 ዱዎ የሃይፋዎቹን መንገድ የተከተለ ነው። ዛሬ ኢንቴል በከተማችን በፔታህ ቲክቫም የልማት ማዕከል አለው። ሽማግሌው ይህን ስነግራቸው «እና ሻጩ ይህን አያውቅም?» አሉኝ። ምን ብዬ ልመልስ!

ታዲያ ምን እንግዛ? አዲስ ለሚፈልግ፣ በ2023 የወጣው ኢንቴል ኤን 100 አለ። 6 ዋት ነው፤ አራት ኮር አለው። መዳፍ በምታህል ሳጥን ይመጣል፣ አንዳንዱ ጭራሽ ማራገቢያ የለውም። ለኢንተርኔት፣ ለዙም፣ ለቤት ሥራና ለፊልም ይበቃል። ከባድ ጌም የሚጫወት ወይም ፊልም የሚያቀናብር ልጅ ካላችሁ አይሆንም፤ እሱ ሌላ ወጪ ነው።

እኔ ግን ይበልጥ የምወደው ሁለተኛውን መንገድ ነው፦ ቢሮዎች ያወጡትን ትንሽ ያገለገለ ኮምፒውተር። የዴል፣ የኤች ፒ፣ የሌኖቮ ትናንሾቹን ፈልጉ። ከፕሮሰሰሩ ቁጥር በኋላ የላቲኗ ቲ መኖሯን እዩ፤ መዶሻ የመሰለችው ፊደል ናት። አይ 5-6500 ቲ ለምሳሌ አራት ኮር፣ 35 ዋት ነው። በመጨረሻው ላይ ኬ ካለበት ጋለኛ ነው፣ እለፉት። ኤፍ ካለበት ደግሞ ምስል የሚያወጣው ክፍል የለውም፤ ሌላ ካርድ ግዙ ይላችኋል፣ ያም ራሱ ይግላል። ኤኤምዲ ላይ ጂኢ የሚሉት ፊደሎች ያሉበት 35 ዋት ነው።

እነዚህ ያገለገሉት ለምን ረከሱ ብትሉ፣ ዊንዶውስ 10 በጥቅምት 14 ቀን 2025 ድጋፉ አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያለውን ኢንቴል አይቀበልም። እንግዲህ ደህናው ማሽን ተጣለ ማለት ነው። ሊኑክስ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሊኑክስን በ1991፣ ብዙዎቻችን በዘመቻ ሰሎሞን በመጣንበት ዓመት፣ ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የሄልሲንኪ ተማሪ ጀመረው። በነፃ ነው፤ ሚንት ወይም ኡቡንቱ የሚባለውን ልጆቻችሁ በአንድ ከሰዓት ይጭኑታል። ኢንቴልና ኤኤምዲ ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚሰጡት የምስል ክፍል ያለ ተጨማሪ ጣጣ ይሠራበታል። አማርኛ ኪቦርድ ከማስተካከያው ላይ ይጨመራል፣ ከዕብራይስጡ ጎን ይቀመጣል። እኔ የአባቴን ማስታወሻ በአማርኛ የምጽፈው በዚሁ ነው።

እንደ መምህር አንድ ነገር ላስጠንቅቃችሁ። ከመግዛታችሁ በፊት የልጁን ትምህርት ቤት ጠይቁ፤ በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ ፕሮግራም የሚፈልግ ትምህርት ካለ ሊኑክስ ያስቸግረዋል። ሜሞሪው ከ8 ጊጋ አይነስ፣ ዲስኩም ኤስኤስዲ ይሁን፤ በአሮጌ ዲስክ የሚሠራ ኮምፒውተር ፕሮሰሰሩ ምንም ቢሆን ያንቀላፋል። ቁም ሣጥን ውስጥ አትሸጉጡት፣ ከግድግዳው በመዳፍ ያህል ይራቅ። ሊኑክስ ላይ ሴንሰርስ የምትባል ትንሽ ፕሮግራም አለች፤ ሙቀቱን በዲግሪ ትናገራለች። ልጁ ያሳያችሁ።

ሽማግሌው ወረቀቷን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቡና ጠሩኝ። ባለ ቲውን ያገለገለ በ600 ሸቀል አግኝተው፣ የልጅ ልጃቸው ሊኑክስ ጭኖበት፣ ቴሌቪዥኑ ሥር አስቀምጠውታል። ባለቤታቸው ምጣድ መስማቱን እንደሚያዩት መዳፋቸውን ከላዩ አሳርፈው ቆዩና ወደኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ተከፍቷል እንዴ ይኼ?»