ማራችን ለጠጅ ብቻ ነውን?

በ2017 ዓ.ም. የዕንቍጣጣሽ ዋዜማ፣ አይሁድ ለበዓላቸው ስለሚጋግሩት የማር ኬክ አንብቤ ስለ ነበር፣ ለዳቦ የሚሆን አንድ ጣሳ ማር እንዲሰጡኝ አያቴን ለመንኋቸው። «ማር ለጠጅና ለመድኃኒት ነው እንጂ በዳቦ ማን ያባክነዋል?» ብለው ተቈጡኝ። ይህን ጽሑፍ እንዳቀርብ ያነሣሣኝ ያ ቍጣ ነው፤ አያቴም ቢያነቡት እንደማይቀየሙኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

አይሁድ ሮሽ ሃሻና የሚሉት አዲስ ዓመታቸው አብዛኛውን ጊዜ በእኛ መስከረም ይውላል። ዓመቱ እንዲጣፍጥላቸው ተመኝተው ፖም ማር እያጠቀሱ ይበላሉ፤ ከአውሮፓ የሆኑት ደግሞ ዱቄት፣ እንቁላል፣ ዘይትና ቀረፋ ከማር ጋር አዋሕደው ኬክ ይጋግራሉ። በአገራችን የኖሩት ቤተ እስራኤል ግን፣ አብዛኞቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል እስኪሄዱ ድረስ፣ ለሰንበት የሚያዘጋጁት ዳቦ ነበር። ቅዳሜ እሳት ስለማያነዱ ዓርብ ጋግረው ያሳድሩታል፤ ቄሱም ባርከው ይቈርሱታል። በጥንት ጸሎታቸው ውስጥ የአገው ቋንቋ ስለሚገኝ፣ ኽምጥኛ ለምንናገር ለዋግ ሰዎች ነገሩ ሩቅ አይደለም። እንግዲህ የበዓል ዳቦ ባርኮ መቍረስ የእኛም ልማድ ነው፤ የሚጨመርበት ማሩ ብቻ ነው።

የሰቆጣ ነጭ ማር ስሙ የታወቀ ነው። ገበሬው እርሱን ሸጦ እህል ይገዛል፣ ልጁን ያስተምራል፤ የእኔም ደብተር የተገዛው በማር ዋጋ ነው። ስለዚህ አትሽጡ የምል ሞኝ አይደለሁም። ነገር ግን ዋናው ማር የሚቈረጠው ክረምቱ ከወጣ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው። ለመስከረም የሚደርሰው ያምናው ቅሪት ብቻ ነው፤ ሁሉን የሸጠ ቤት ለበዓሉ ከሱቅ ስኳር ይገዛል። የማር አገር ሰው አዲሱን ዓመት በስኳር ሲቀበል አያሳፍርምን? የተወደዳችሁ ወላጆች፣ ከሽያጩ አንድ ጣሳ ብታስቀሩ ምን ይጐዳችኋል?

በመጨረሻ አያቴ ግማሽ ጣሳ ሰጡኝ። በዓሉ ረቡዕ ስለ ዋለ እንቁላልና ቅቤ አልተፈቀደም፤ ማር ግን የጾም ነው። ለብ ባለ ውሃ በጥብጬ፣ በእርሾ አቡክቼ፣ እንደ ድፎ ዳቦ ጋገርሁት። (ወንድ ልጅ ምጣድ ሥር ምን አገባው ያሉም ነበሩ፤ ለእነርሱ ሌላ ጊዜ እመልሳለሁ።) ማር ፈጥኖ እንደሚጠቍር አላወቅሁም ነበርና እሳቱን እንደ ተራ ዳቦ ስላነደድሁት ሥሩ አረረብኝ። በዝግታ፣ በረመጥ ብቻ መብሰል ነበረበት። ሆኖም ማር እርጥበት ስለሚይዝ ላዩ በሦስተኛው ቀን እንኳ አልደረቀም።

አያቴ ያረረውን ቀርፈው ለስላሳውን በሻይ በሉ፤ ምንም አላሉም። በኅዳር ማሩ ሲቈረጥ ግን፣ ለነጋዴ ከመሰጠቱ በፊት አንድ ጣሳ ለይተው አስቀመጡ።